ቆዳ የለበሰችው ውርንጭላ

አረፋ ባለፈ ማግስት ከሚሴ የገባ ሰው ያን ሽታ ያውቀዋል። ቆዳ ተረካቢዎች አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግተው የበጉንና የፍየሉን ቆዳ ይከምራሉ፣ ጨው ይነሰንሱበታል፣ ባጃጆች ጡሩንባ እየነፉ በጎኑ ያልፋሉ። መንገደኛው አፍንጫውን ሸፍኖ ይሻገራል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ ሄጄ ከሚኒባስ ስወርድ ሽታው ፊቴን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ማጅራቴ ሄዶ የቀሚሴን ማሰሪያ ፈለገ። የለበስኩት ቀሚስ ማሰሪያ የለውም፤ በዚፕ የሚዘጋ ነው።

ማሰሪያ የነበረው የጦይባ ቀሚስ ነው። ጦይባን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ግን አንድ ሰሞን እሷን ሆኜ ኖሬያለሁ።

ባጃጅ የሚባል ነገር ከሚሴ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። እናቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞተች። አባቴ ባቲ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ነበርና ሴት ልጅ ለብቻው ማሳደግ አልሆነለትም። ጥቅምት ላይ ልብሴን በፌስታል ቋጥሮ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ ዘንድ አመጣኝ። አክስቴ የተዳረችው ጨፋ ሜዳው ከኮረብታው የሚገናኝበት ጥግ ላይ ካለ ቤት ነው። አገሬው የአባ ጉራች ቤት ይለዋል።

አባ ጉራች የአክስቴ አማት ናቸው። በጎልማሳነታቸው ጉራች የሚባል ጥቁር ድንጉላ ጋልበው የሚቀድማቸው ስላልነበረ የፈረሱ ስም በእሳቸው ላይ ቀረ። የገዛ ስማቸውን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። የፈረሱን ዘር ወደ ቆላ ያወረዱት አባታቸው ነበሩ፤ ደጋ ወጥተው አንዲት ግራጫ ባዝራ በበቅሎ ለወጡና ይዘው መጡ። በኦሮምኛ ግራጫነቷን ይዘው ዳለቲ አሏት፤ ከዚያ ወዲህ የዘሩን አደራ የምትይዘው ባዝራ ሁሉ ዳለቲ እየተባለች ነው የኖረችው። የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ወንዱ ይሸጣል፣ ባዝራ አትሸጥም። ወንዶቹ በየሰርጉ ሙሽራ አጅበው ይጋልባሉ፣ በአረፋ ጨፋ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ሰንበቴ ገበያ ላይ «የአባ ጉራች ዘር ነው» ከተባለ ገዢው ጥርሱን ሳያይ ይዋዋል ነበር ይላሉ።

እኔ ስደርስ ያ ሁሉ የወሬ ሀብት ሆኗል። በደርግ ጊዜ ሜዳው ተሸንሽኖ ተከፋፈለ፤ ፈረሶቹም ለስንቅ መጫኛ ተፈለጉ። አባ ጉራች ባዝራዎቹን ደጋ ላሉ ዘመዶች አደራ ሰጥተው ደበቋቸው። ጊዜው ሲያልፍ አንዷ ብቻ ተመለሰች። ረጅሙ ጋጣ ግን እንዳለ ነው፤ በግንድ የተከፋፈለ፣ በየክፍሉ ልጓም የተሰቀለበት፣ ግንዱ ፈረስ ሲታከክበት ኖሮ የለሰለሰ። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ባዶውን ክፍል ሁሉ ይጠርጋሉ፤ ድርቆሽም ይጥሉበታል። ልጅ ሳለሁ ጥያቄ መጠየቅ አልወድም ነበር፣ መልሱን ራሴ እሠራ ነበር። በባዶው ክፍል ውስጥ ለእኔ የማይታዩኝ ፈረሶች አሉ ብዬ ደመደምኩ። እንዳልረግጣቸው ግድግዳውን ታክኬ ነበር የማልፈው።

የሚታዩት ሁለት ነበሩ። አንዷ የዘሩ መጨረሻ የሆነችው ዳለቲ ናት፤ ሁለተኛዋ ቡሌ የምትባል፣ ማሽላ ከማሳ፣ ድንጋይ ከወንዝ የምታመላልስ የጭነት ባዝራ። ሁለቱም እርጉዞች ነበሩ።

አባቴ ከበሩ ሲያደርሰኝ አክስቴ አልወጣችም። የወጡት አባ ጉራችና የአክስቴ ባል አህመድ ናቸው። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ትከሻዬን በመዳፋቸው ለኩ። ኋላ ገበያ ላይ ፈረስ ሲያዩ ያየሁት አስተያየት ነው። ለአህመድ አንድ ነገር በኦሮምኛ ነገሩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ገባና ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ ይዞ ወጣ። ከኋላ፣ ማጅራት ላይ፣ በሁለት ክር የሚታሰር ነው። እዚያው ጋጣው ውስጥ አለበሱኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቀሚስ የሰጠኝ አልነበረምና ደስ አለኝ። ልኬ ነበር። አባ ጉራች ክሩን ራሳቸው እያሰሩ ከኋላዬ ሆነው ተናገሩኝ።

«ዘይነባ ስትጠራሽ አቤት በይ። በሌላ ስምም ብትጠራሽ አቤት በይ፣ ኢንተላ ኮ።»

ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው። እኔን ብቻ ሳይሆን ዳለቲንም እንዲህ ነበር የሚጠሯት።

አክስቴ ሰፌድ ይዛ ማሽላ ትለቅም ነበር። ከእናቴ ጋር አንድ ዓይነት እጅ ነበራት፤ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው። ቀና ስትል እጇ ቆመ። ማሽላው ከሰፌዱ እየፈሰሰ ተነስታ መጣችና ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ማጅራቴ ላይ አደረገች። ሳመችኝ ብዬ ነበር። አልሳመችኝም፣ አሸተተችኝ። ረጅም ጊዜ። ትንፋሿ በክሩ ቋጠሮ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ርቦሻል፣ ነይ ብዪ» ብላ እንጀራ አቀረበችና አብራኝ በላች። አህመድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ አክስቴ ልጇን ጦይባን በመስከረም ወባ ከወሰደባት ወዲህ ሥራዋን እየሠራች ሰው ፊት የማታይ፣ እህል የማትቀምስ ሆና ነበር። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ማታውን ጦይባ ብላ ጠራችኝ። አቤት አልኩ። ማንም አላረማትም፣ እኔም አላረምኳት። ሰው ቤት ሲቀይር ስም ይቀይራል ብዬ ነበር የተረዳሁት። ጦይባ የምትተኛበት መደብ ላይ ተኛሁ፣ በጦይባ ጣሳ ጠጣሁ። ቀሚሱን ግን አክስቴ አታሳጥበውም ነበር። ቢቆሽሽም «ይቆይ» ትል ነበር።

ከቤቱ ውጭ ነገሩ አላማረልኝም። አንድ ቀን ከማሽላው ማሳ ጫፍ ስወጣ ውሃ የቀዳች ጎረቤት ከፊት ለፊቴ መጣች። ጀሪካኗን ለቀቀችው። ውሃው እግሯ ሥር እየተንዶቀዶቀ እሷ «አዑዙ ቢላህ» ትላለች፣ ዓይኗ ከቀሚሱ አይነቀልም። ወንዝ ዳር ያሉት ልጆችም አብሬያቸው ስጫወት እንዳልነካቸው ይጠነቀቁ ነበር። እብሪተኞች ናቸው ብዬ ናቅኋቸው። እኔ ራሴ ትንሽ እብሪተኛ ነበርኩ።

የጨፋ ጭጋግ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከረግረጉ ይነሳና ሜዳውን እስከ ወገብ ይሞላዋል። የፈረስ እግር አይታይም፤ ጀርባና አንገት ብቻ በነጭ ነገር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ቡሌ የወለደችው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ወንድ፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ጨረቃ የመሰለች ነጭ ያለችበት። ግንባሩን ነካሁት፤ እርጥብና ሙቅ ነበር። ቀትር ሳይሆን ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ቡሌ ላዩ ላይ ቆማ ስትልሰው ዋለች።

በማግስቱ ዳለቲ አማጠች። ወለደች፣ ደሟ ግን አልቆም አለ። አባ ጉራች ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ሲያወሩላት አየሁ፤ የእናቶቿን ነገር ይመስለኛል። ፀሐይ ጭጋጉን ሳትገፈው ሞተች። የቀረችው ውርንጭላ ሴት ናት፤ ጥቁር፣ እግሯ ረጅም፣ ከፍርሃት ይልቅ ግርምት ያለባት። ግራጫ ፈረስ ሲወለድ ጥቁር ነው፣ ግራጫው በዕድሜ ይመጣል። የቤቱ ዘር በሙሉ በእነዚያ አራት ቀጫጭን እግሮች ላይ ቆሞ ነበር። ወተት ካላገኘች ደግሞ እስከ ማታም አትቆይም።

አህመድ ውርንጭላዋን አቅፎ ወደ ቡሌ ወሰዳት። ቡሌ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ በእግሯ ወረወረቻት። ደግመው ሞከሩ። ነከሰቻት። አባ ጉራች ያን ጊዜ ቢላቸውን አወጡና የሞተውን ቀይ ውርንጭላ እየጎተቱ ከጋጣው ጀርባ ሄዱ። እኔን ወደ ቤት አባረሩኝ። አክስቴ አልወጣችም፤ ጦይባ ከሞተች ወዲህ ጋጣው አካባቢ ደርሳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሾልኬ ወጣሁ። ጋጣው በር ላይ ደርሼ ወደ ውስጥ ሳይ የሞተው ውርንጭላ ቆሟል።

ቆሞ ቡሌን ይጠባል። ቀዩ ጠጉሩ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጨረቃ፣ ሁሉም እሱ ነው። ቡሌ አንገቷን አዙራ ጭራው ሥር እያሸተተች በስሱ ታጉረመርማለች። እኔ ግን እግሩን አየሁ። እግሩ ጥቁር ነው። ከቀዩ ጭራ ሥር ሌላ ጥቁር ጭራ ይወዛወዛል። በጨረቃዋ ሥር፣ ዓይን ይኖርበት በነበረው ቀዳዳ ውስጥ ሌላ ዓይን ያየኛል። ቆዳው አንገቱ ላይና ሆዱ ሥር በጠፍር ታስሯል፤ ቋጠሮው አዲስ ነው፣ ጨው ጨው ይሸታል።

እጄን ወደ ማጅራቴ ሰድጄ የቀሚሴን ቋጠሮ ያዝኩ።

ከዚያች ቀን ወዲህ የገባኝ የመሰለኝን ልንገር። በዚህ ቤት የሞተ ሰው ቆዳው አይጣልም። ውስጡ ሌላ ያስገቡበትና ይቀጥላል። ባዶው ክፍል ውስጥ ያሉት የማይታዩ ፈረሶች ቆዳ የሚጠብቁ ናቸው። እኔ ደግሞ ውስጥ ያስገቡኝ ነኝ። ቀሚሱን አውልቄ ገላዬን ፈተሽኩ፤ ክንዴን፣ ሆዴን፣ ብብቴን። የተሰፋ ቦታ ፈለግሁ። አላገኘሁም፤ ያልተገኘው ከኋላዬ፣ እኔ ማየት የማልችልበት ቦታ ስለሆነ ነው አልኩ።

አህመድ በነገሩ ይቀልድ ነበር፤ ሐዘኑን የሚያባርረው በቀልድ ነው። የሩጫ ዘር የጭነት ባዝራ ስትጠባ እያየ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላል። አባቱ አይስቁም። ውርንጭላዋ ስም እንኳ አልወጣላትም። ቆዳ የለበሰ አይሰየምም፣ ስም የሚወጣው ቆዳው ሲወልቅ ነው አሉ። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። እኔ ቤት ውስጥ በገዛ ስሜ፣ ሀዋ ተብዬ የተጠራሁበት ቀን አልነበረማ።

ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ቆዳው መሽተት ጀመረ። ሽማግሌው ከጋጣ ሲወጡ ነጃሳ ነው ብለው ልብሳቸውን ለውጠው፣ ታጥበው ነው የሚሰግዱት። ቡሌና ውርንጭላዋ ለግጦሽ ሲወጡ ጥንብ አንሳዎች ከላይ ይዞሩ ነበር። ውርንጭላዋ ስትሮጥ ይከተሏታል፣ ስትቆም ከፊቷ ሜዳው ላይ ያርፋሉ፣ ክንፋቸውን አጥፈው ይጠብቃሉ። እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በሕይወት ያለች፣ የምትፈነጭ ውርንጭላ፣ ዙሪያዋን በአሞራ ተከባ። ማለዳ ደግሞ የጅብ ኮቴ ከጋጣው በር ላይ ይገኛል። ቶሎ ካልወለቀ ጅቡ ይበላታል፤ ቶሎ ከወለቀ ቡሌ ትገድላታለች። አባ ጉራች ፊታቸው እየከሳ ሄደ።

ቡሌ ምን እንደምታደርግ አንዴ አይቻለሁ። ጠፍሩ ላልቶ ቆዳው ወደ ጎን ሲንሸራተት ጥቁሩ ጀርባ ተገለጠ። ቡሌ አሸተተችና ባንድ ጊዜ ሌላ ፍጥረት ሆነች። ውርንጭላዋን ከግንዱ ጋር አጋጨቻት። አባ ጉራች ደርሰው ቆዳውን መልሰው አሰሩ፤ ከቡሌ አልበው የራሷን ወተት የውርንጭላዋ ጀርባና ጭራ ላይ ቀቡላት። ቡሌ አሽትታ ጸጥ አለች። ውርንጭላዋ ግን እያነከሰች መጥታ እዚያው ጡት ሥር ገባች፤ ሌላ የት ትሂድ።

እኔም ሌላ የት እሄዳለሁ? አባቴ ባቲ ነው፣ እናቴ አፈር ውስጥ ናት። አክስቴ ጠዋትና ማታ ማጅራቴን ታሸት ነበርና ቀሚሱ የጦይባን ሽታ እንዳያጣ መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። እንዳያልበኝ አልሮጥም። ወንዝ አልገባም። አክስቴ ከቤት ስትወጣ የጦይባን ሣጥን ከፍቼ ሻሿን አወጣና አንገቴን፣ ክንዴን፣ ፀጉሬን እሸበት ነበር። የቅቤና የጭስ፣ የሌላም የማላውቀው ሽታ ነበረው። እያደር ሻሹም እኔን እኔን ይሸት ጀመር። ያን ያህል የፈራሁት ነገር አላውቅም።

አንድ ጠዋት ላይ አክስቴ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለችና አሸተተች። አቆመች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ አላየችኝም፤ በትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ያለውን በር አየች፤ የሆነ ሰው እዚያ ቆሞ ይመስል። ለመዞር ድፍረቱ አልነበረኝም። በዚያው ቅጽበት ቡሌ ከጋጣ ስታሽካካ ሰማሁ። ቡሌም ቀን ቀን እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ውርንጭላዋ ጡቷ ሥር እያለች ከጋጣው ጀርባ፣ ልጇ የተገፈፈበትን ቦታ እያየች ትጣራለች። ትጣራና ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች።

አባ ጉራች ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ መቁረጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የአንገቱን፣ ቀጥሎ የሆዱን። ቡሌ ሁሌ የምታሸተው ጭራ ሥር ስለሆነ እዚያ ላይ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ብቻ ቀረች። ጥቁሯ ውርንጭላ ያችን ቀይ ቁራጭ ወገቧ ላይ አስራ ሜዳው ላይ ስትሮጥ አሞራዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። አንድ ማለዳ ሽማግሌው ለአህመድ «ነገ እንጨርሳለን፣ ኢንሻአላህ» ሲሉት ሰማሁ። ሲጠርጉ ተከትያቸው ጋጣ ገባሁ። ጥያቄ የማልወደው እኔ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ ያችን አያውልቁባት። ሽታው ካለቀ ትመታታለች።»

«አብሽሪ» አሉኝ መጥረጊያቸውን ሳያቆሙ። «እስከ አሁን የጠባችው የቡሌን ወተት ነው። ወተቱ ገላዋ ውስጥ ገብቷል። አሁን የራሷ ሽታ የቡሌ ሽታ ነው።»

አሰብኩበት። መልሱ ለእሷ ጥሩ ነበር።

«እኔ ግን ከእትዬ ዘይነባ አልጠባሁም» አልኳቸው። «የኔም እያለቀ ነው።»

መጥረጊያው ቆመ። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ እጄ ያለበትን ቦታ፣ ማጅራቴ ላይ ያለውን ቋጠሮ አዩ። የውሃ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ያ ረቢ» አሉ። «ዕድሜዬን ፈረስ ሳረባ ኖሬ ሰውን በፈረስ መላ ያዝኩ። አውፍ በይኝ፣ ኢንተላ ኮ።»

በሩ ላይ ጥላ ነበር። አክስቴ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። መቼ እንደመጣች፣ ለምን እንደመጣች አላውቅም፤ ጋጣ ስትረግጥ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ዞራ ሄደች። አለቀ አልኩ። የመጣሁበትን ፌስታል ፈልጌ ልብሴን ቋጠርኩና መደቡ ሥር አኖርኩት። ስትመታኝ ይዤው ለመሮጥ ነው።

በማግስቱ ጭጋጉ ጋጣው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። አህመድ ዱላ ይዞ ከቡሌ ጎን ቆመ፤ አባ ጉራች በቢላቸው ጫፍ ጠፍሩን በጠሱት። ቁራጯ ወደቀች። ውርንጭላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆና ቆመች። አክስቴ ከኋላችን መጥታ ከእኔ አጠገብ ስትቆም ዓይኔን ጨፈንኩ። መልሼ ገለጥኩት፤ ማየት ነበረብኝ።

ቡሌ አሸተተቻት። ጭራዋን፣ ጀርባዋን፣ እንደገና ጭራዋን። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኛ። አህመድ ዱላውን አነሳ፤ አባቱ በእጃቸው ከለከሉት። ቡሌ አንገቷን ከውርንጭላዋ ላይ አነሳችና በጋጣው ጀርባ በኩል፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ ወደዚያች ቦታ አንድ ጊዜ አሽካካች። ጠበቀች። ሁላችንም አብረናት ጠበቅን፤ እውነቴን ነው፣ የሆነ ነገር የሚመልስላት መስሎኝ ነበር። የመለሰላት የለም። ቡሌ አንገቷን አወረደች፤ ጥቁሯን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ወደ ጡቷ አስጠጋቻት።

«አልሀምዱሊላህ» አለ አህመድ፣ ዱላውን ጥሎ።

አክስቴ ግን ወደ ባዝራዋ እያየች ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ሽታ አታሏት አይደለም። ከመጀመሪያውም ታውቃለች። የተቀበለቻት የሚጠባ አፍ ስለመጣላት ነው።»

ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ወንዝ ወሰደችኝ። ማጅራቴ ላይ ያሉትን ሁለቱን ክሮች ፈታች። ቀሚሱን ድንጋይ ላይ ዘርግታ ሳሙና አደረገችበትና ማሸት ጀመረች፤ ስታሽ አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ወንዙ ማዶ ያሉ ከብት ጠባቂዎች እስኪዞሩ። ውሃው ቢጫ አረፋውን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ ሄደ። እኔ በነጠላዋ ተጠቅልዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሳስበው ለእናቴ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእናቴ አላለቀስኩም፤ ጦይባ እናቷ አልሞተችባትም ነበርና።

ስንመለስ መንገድ ላይ ስለ ጦይባ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው አወራችኝ። ፈረስ ትፈራ ነበር አለች። አያቷ ሊያስቀምጧት ሲሞክሩ ትጮህ ነበር፣ በጋጣው በኩል ላለማለፍ በማሳው ትዞር ነበር። «አንቺ ግን አትፈሪም» አለችኝ። አልፈራም አልኳት። ለብዙ ጊዜ ስለ ራሴ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ቤት ስንደርስ ፌስታሉን ከመደቡ ሥር አወጣችው። የት እንዳኖርኩት ታውቅ ነበር። የራሴን ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ክንዱ አጥሮ፣ ደረቱ ጠቦኝ ነበር። አላሸተተችኝም። አጎንብሳ ግንባሬን ሳመችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ጠርቶ ሜዳው እስከ ሰንበቴ መንገድ ድረስ ይታይ ነበር። አባ ጉራች ጥቁሯን ውርንጭላ ዳለቲ ብለው ሰየሟት። አህመድ «የታለ ግራጫው?» ቢላቸው «ይመጣል» አሉት። እኔ ጋጣው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ዳለቲ መዳፌን ትልሳለች። ፀሐይ ማጅራቴን ትነካኛለች፤ ምንም የታሰረ ነገር የለበትም።

ከቤቱ ደጃፍ አክስቴ ተጣራች።

«ሀዋ!»

ማንን እንደምትጠራ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።